የድሬ ዶሮ ሌሊት ትተኛ ወይስ ትብላ?

ጥያቄው፦ የሥጋ ዶሮ አርቢ ሌሊቱን ሙሉ አምፖል እንዳያበራ የሚከለክል ደንብ ይውጣ ወይስ ነገሩ ለአርቢው ይተው? (ከባለ እንቁላሏ በቀር ተናጋሪዎቹ የተጠሩት በድሬዳዋ ሰፈራቸው ስም ነው።)

የሳቢያኑ፦ ለአርቢው ይተው! አቦ፣ ድሬ እኮ ነው ያለነው። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ዶሮዋ ክንፏን ከፈት አድርጋ ስታለከልክ ትውላለች እንጂ መኖ ዞር ብላ አታይም። የምትበላው ሲቀዘቅዝ፣ ማታ ነው። አምፖሉን አጥፋ ማለት አስርባት ማለት ነው።

የከዚራዋ፦ ይውጣ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው መመሪያ ለሥጋ ዶሮ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ጨለማ ግድ ነው፤ 4ቱ ሳይቆራረጥ። ጨለማ ሳታገኝ ያደገች ዶሮ ዓይኗ ይታመማል፣ እግሯ ክብደቷን አይችልም። ደህና ስትበላ ቆይታ ክንፏን አራግባ በጀርባዋ ወድቃ የምትቀረውም ትበዛለች።

የሳቢያኑ፦ አውሮፓ የድሬን ግንቦት ያውቀዋል?

ለገሃሬ (የእንስሳት ሐኪም)፦ ወንድሜ፣ 6 ሰዓት ጨለማ ስትሰጣት 18 ሰዓት ይቀርሃል እኮ። ከምሽቱ 4 ሰዓት አጥፋ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አብራ። ንጋቱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ያኔ በደንብ ትበላለች። የሚጠፋበትን ሰዓት ከለመደችም አስቀድማ ጠግባ ነው የምትተኛው።

የመጋላዋ፦ እኔ ጨለማ ያስለመድኳቸው ለሌላ ነገር ነው። ጨለማ አይተው የማያውቁ ጫጩቶች መብራት በጠፋ ቁጥር ይደነግጡና ጥግ ላይ ይደራረባሉ። ጠዋት ከላይ ያሉትን ሳነሳ ከሥር ያሉት ታፍነው ሞተው ነው የማገኛቸው። አሁን ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በየማታው ትንሽ ትንሽ አጠፋለሁ።

የሳቢያኑ፦ እሱስ እውነትሽን ነው እህቴ። ግን ደንብ ሲወጣ ማን ነው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በሬን አንኳኩቶ የሚያየው? አውቀዋለሁ፣ «ለሻይ» ተቀብሎ ይሄዳል።

ባለ እንቁላሏ፦ እኛን ከዚህ ደንብ አውጡን! እዚህ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው። እንቁላል ጣይ ጥሩ እንድትጥል ወደ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። የምጨምረውን ንጋት ላይ ነው የማደርገው፤ ማታ ድንገት ካጠፋሁባት ቆጥ ላይ ሳትወጣ ይጨልምባታል። አምፖሉንም አላደምቀውም፣ ሲደምቅ ላባ መነጫጨት ይጀምራሉ።

የከዚራዋ፦ ያው የአውሮፓው መመሪያም ስለ ሥጋ ዶሮ ብቻ ነው። ከ500 ዶሮ በታች ያለውንም አይነካም።

የሳቢያኑ፦ ይሄን ከመጀመሪያው አትነግሪንም! እኔ 300 ነው ያለኝ።

ለገሃሬ፦ ታዲያ ዛሬ ስንት ሰዓት ታጠፋለህ?

የሳቢያኑ፦ መብራቱ ራሱ ካልቀደመኝ አራት ሰዓት። ደንቡን ግን አሁንም አልደግፍም።