የሐይቅ ጀልባችን የድምፅ መስመር፦ ለማኅበራችን ጉባኤ የሚቀርበውን ዕቅድ እዚህ እንጨርስ

ሰብሳቢ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀልባዋ ላይ ድምፅ ማጉያ ይግባ በሚለው ተስማምተናል፤ የቀረን የሽቦው ነገር ነው። እስካሁን ሁለት ሐሳብ ቀርቧል። አንደኛው ከቤት ሥራ የተረፈውን ሽቦ ተጠቅመን ከሞተሩ ባትሪ ላይ በቀጥታ እንሳብ ይላል። ሁለተኛው የራሱ ባትሪና የራሱ መስመር ይኑረው ይላል። ጉባኤው ፊት አንድ ዕቅድ ብቻ ይዘን መቅረብ ስላለብን ያልተስማማችሁበትን እዚሁ በግልጽ ጻፉ።

የመኪና ኤሌክትሪሽያን (ኮምቦልቻ)፦
እኔ የቤት ሽቦውን ከአሁኑ አውጡት ነው የምለው። ውስጡ አንድ ደረቅ ዘንግ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ እንዲኖር እንጂ እንዲንቀጠቀጥ አልተሠራም። ሞተሩ በተነሳ ቁጥር እየተርገበገበ ይውልና ብሎኑ ሥር ይሰበራል። እኛ የምንፈልገው በቀጫጭን ክሮች የተገመደ ንጹህ መዳብ ነው፣ ከተገኘ ደግሞ ክሮቹ ቲን የተቀቡ። የሐይቃችን ውሃ እንደ ባሕር ጨዋማ አይደለም፣ ስለዚህ ያን ያህል አይበላብንም፤ እርጥበቱ ግን ባዶ መዳብን ያጠቁራል።

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ። ላዩ መዳብ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ ገበያ ላይ አለ፣ ዋጋውም ረከስ ይላል። ክሩን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ ነጭ ከወጣ ተዉት። ሲያነሱትም ይቀላል። ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ ከመዳብ በጣም ያንሳል፤ እርጥበት ሲያገኘው ደግሞ ጫፉ ቶሎ ይበላና መጋል ይጀምራል።

ገንዘብ ያዥ (ደሴ)፦
እሺ ወንድሜ፣ ውፍረቱስ? የተጠየቀው አምፕሊፋየር፣ ድምፁን የሚያጎላው ሳጥን ማለቴ ነው፣ ባለ 400 ዋት ነው። ሽቦው ከዕቃው ሊበልጥብን ነው እንዴ?

የመኪና ኤሌክትሪሽያን (ኮምቦልቻ)፦
አብሽሪ እህቴ፣ እናስላው። 400 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ብክነቱ ተጨምሮ ከባትሪው 500 ዋት ገደማ ይስባል፤ በ12 ቮልት ወደ 40 አምፔር ማለት ነው። ከባትሪው እስከ አምፕሊፋየሩ 5 ሜትር ቢሆን መመለሻው ሽቦም አለና ሂሳቡ የሚሠራው በ10 ሜትር ነው። ባለ 10 ስኩዌር ሚሊ ኬብል ከዘረጋን መንገድ ላይ 0.7 ቮልት ይጠፋል፣ ወደ 6 በመቶ። ከ3 በመቶ ባይበልጥ ነው ጥሩው። ባለ 16ም ትንሽ ያንሰዋል፣ ባለ 25 ሊገባ ነው። ያ ደግሞ እውነትም ውድ ነው።

ጀልባ ነጂ (ሐይቅ)፦
ልጆች፣ 400 ዋት ለምን? ሰው የሚመጣው ሐይቁን ሊያይ፣ ገዳሙን ሊሳለም ነው። ማይኩ የተፈለገው የአስጎብኚው ቃል በሞተሩ ጩኸት ላይ እንዲሰማ ነው፤ ኋላ የተቀመጡት ሁልጊዜ «ምን አለ?» እያሉ ነው የሚጓዙት። እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ሙዚቃ እያስጮህን ልናልፍ አይገባም። ውሃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳል፣ አባቶች ጸሎት ላይ ናቸው። ከዋቱ ግማሹን ቀንሱ።

ከሞተሩ ባትሪ መሳቡን ደግሞ ጨርሶ አልቀበልም። ሐይቁ መሃል ላይ ባትሪው ቢያልቅ ሞተሩን በምን ላስነሳው? ውሃ መምጠጫው ፓምፕም ከዚያው ነው የሚሠራው። ተሳፋሪ ይዤ በዘፈን ምክንያት እዚያ ልቆም አልፈልግም።

የመኪና ኤሌክትሪሽያን (ኮምቦልቻ)፦
ጋሼ ትክክል ናቸው፣ ሂሳቡንም አቀለሉልን። 200 ዋት ከሆነ 20 አምፔር ገደማ ነው፤ ባለ 10 ኬብል ላይ 0.35 ቮልት ብቻ ይጠፋል፣ ከ3 በመቶ በታች። አራት ስፒከር ባለ 50 ዋት ይበቃናል፤ ወደ ስፒከሮቹ የሚሄደው ባለ 2.5 ተጣጣፊ ሽቦ ይሁን፣ ለኋለኞቹም አያንስም። አቅሙ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ ለብቻው እናድርግለት፤ ባትሪው ቶሎ እንዳይሞት ግማሹን ብቻ ነው የምንጠቀመው። ለንግግርና ለስለስ ላለ ሙዚቃ ቀኑን ሙሉ ይወስደናል፣ ማታ ቻርጅ ይደረጋል።

ገንዘብ ያዥ (ደሴ)፦
ይሄ ይሻላል። ባትሪው አዲስ ወጪ ቢሆንም ከአምፕሊፋየሩና ከኬብሉ የቀነስነው ያግዘናል። ሦስት ሱቅ ዋጋ እንጠይቅ፤ ፒያሳ አካባቢ ሁለት እኔ እጠይቃለሁ፣ ኮምቦልቻ አንዱን አንተ ያዝ።

ጸሐፊ (ደሴ)፦
ፊውዝ የሚለውን ማንም አላነሳም። የት ይግባ?

የመኪና ኤሌክትሪሽያን (ኮምቦልቻ)፦
ጥሩ አነሳህ። ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ በጣም ቢርቅ 18 ሳንቲ ሜትር፣ ባለ 30 አምፔር። ብዙ ሰው አምፕሊፋየሩ ጋ ያስቀምጠዋል፤ እንዲያ ከሆነ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ኬብል ተልጦ ኔጌቲቩን ቢነካ የሚያቋርጠው ነገር የለም፣ ይቃጠላል። ያውም ቤንዚን የተጫነበት ጀልባ ላይ። ስለዚህ ማብሪያ ማጥፊያውም ፊውዙም ከቤንዚን ጋኑ ይራቁ፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ታች ወለሉ ላይ ይተኛል፣ አንዲት ፍንጣሪ ትበቃዋለች።

መገጣጠሚያ በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መተው አይፈቀድ። ጫፉ በመቆንጠጫ ይጨመቅ፣ ከላዩ ውስጡ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚሸበሸብ ፕላስቲክ ይልበስ። ሶልደር ብቻ ከሆነ ሽቦው ይደርቅና ያው በመንቀጥቀጥ ይሰበራል። ከማይክ መቀበያው የሚመጣው ቀጭን የድምፅ ገመድ በግራ ከሄደ የባትሪው ኬብል በቀኝ ይሂድ፤ ጎን ለጎን ከታሰሩ «ዚዝዝ» የሚል ድምፅ ስፒከሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ጸሐፊ (ደሴ)፦
እንዲህ ጻፍኩት፣ እዩት። «ማኅበሩ ባለ 200 ዋት አምፕሊፋየር፣ ለብቻው ባለ 100 አምፔር ሰዓት ባትሪ፣ የተገመደ ንጹህ መዳብ ባለ 10 ኬብል፣ ለስፒከር ባለ 2.5፣ ባትሪው ሥር ባለ 30 ፊውዝ እንዲገዛ። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሽቦው በባለሙያ ተፍቆ ይታይ። ከሞተሩና ከፓምፑ መስመር ጋር አይገናኝ።»

ጀልባ ነጂ (ሐይቅ)፦
ገዳሙ አጠገብ ሙዚቃ ይጠፋል የሚለውን ጨምርበትና እኔ ተስማምቻለሁ።

ጸሐፊ (ደሴ)፦
ተጨምሯል ጋሼ። ተቃውሞ ያለው እስከ ዓርብ ማታ ይጻፍ፤ ቅዳሜ ዋጋው ተያይዞ ለሰብሳቢው ይሄዳል።