በአነስተኛ በጀት ለሚገጣጠም ኮምፒውተር የትኛው ኬዝ ይሻላል?

ጀማሪ ገጣጣሚ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አርክቴክቸር ለሚማረው ታናሽ ወንድሜ ኮምፒውተር ለመገጣጠም ዕቃዎቹን በየተራ እየገዛሁ ነው። ራይዘን 5 5600ጂ ፕሮሰሰር፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ የሚባለው መጠን ያለው ማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ የሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) እና 16 ጊጋባይት ራም ገዝቻለሁ፤ ግራፊክስ ካርድ ለጊዜው አይኖረውም፣ አቅም ሲፈቅድ ግን ይጨመርለታል። የቀረኝ ኬዝ (የኮምፒውተሩ ቀፎ) እና ፓወር ሰፕላይ (ለዕቃዎቹ ኃይል የሚሰጠው ክፍል) ሲሆን ለሁለቱ የተረፈኝ ገንዘብ ጥቂት ነው።

መገናኛ አካባቢ ያሉትን ሱቆች ዞሬ አራት አማራጮች አግኝቻለሁ። አንደኛው ፊቱም ጎኑም መስታወት የሆነና ሦስት ባለመብራት ፋኖች ያሉት ነው። ሁለተኛው ፊቱ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተበሳሳ፣ ከኋላ አንድ ፋን ብቻ ያለው ጥቁር ኬዝ ነው። ሦስተኛው ተራ ኬዝ ሆኖ «500 ዋት» የሚል ፓወር ሰፕላይ ተገጥሞለት የሚሸጥ ሲሆን፣ ዋጋው ከሁለተኛው ባዶ ኬዝ ብዙም አይበልጥም። አራተኛው አንድ ጠጋኝ በጣም ርካሽ አድርጎ ሊሰጠኝ የፈቀደው የአሮጌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ኮምፒውተር ቀፎ ነው። ቤታችን ሰሚት ውስጥ አስፋልት ያልገባበት መንገድ ዳር ስለሆነ አቧራው ያስቸግረናል። ወንድሜ መስታወቱን ወዶታል፤ እኔ ደግሞ ወጪዬን ስለሚያቃልልልኝ ወደ ሦስተኛው አድልቻለሁ። የምታውቁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ባለሙያ ከመርካቶ፦

ሦስተኛውን ቢተዉት ይሻላል። ከርካሽ ኬዝ ጋር አብሮ የሚመጣ ፓወር ሰፕላይ ላይ በትልቁ የተጻፈው ዋት አብዛኛውን ጊዜ እምነት የሚጣልበት አይደለም። ሱቁ ውስጥ ቆመው ማረጋገጥ ይችላሉ፦ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ ይመልከቱና 12 ቮልት በሚለው ሥር የሰፈረውን የአምፒር ቁጥር በ12 ያባዙት። ቁጥሩ 14 ከሆነ ውጤቱ 168 ዋት ነው ማለት ነው። ፕሮሰሰሩም ሆነ ወደፊት የሚጨመረው ግራፊክስ ካርድ ኃይላቸውን በአመዛኙ የሚያገኙት ከዚሁ መስመር ስለሆነ፣ ከውጭ የተጻፈው 500 የሚጠቅምዎ ነገር የለም። ፕሮሰሰርዎ የ65 ዋት ስለሆነ ዛሬ ሊያስነሳው ይችላል፤ ችግሩ የሚመጣው ካርድ የተጨመረ ዕለት ነው። ከዚያም በላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚፈጠረውን የቮልቴጅ መዋዠቅ የሚቋቋም መከላከያ ብዙ ጊዜ ስለማይኖራቸው፣ ሲቃጠሉ ማዘርቦርዱን ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ። ለባዶ ኬዝ የሚያወጡትን ቀንሰው፣ ስሙ የታወቀና የ80 ፕላስ ምልክት (ኃይል እንደማያባክን የሚያሳይ ማረጋገጫ) ያለው የ450 ዋት ፓወር ሰፕላይ ለብቻው ይግዙ።

አየር ይግባ፦

ከላይ በተሰጠው ምክር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ቀሩት ኬዞች ልናገር። ርካሽ ኬዝ ሲመረጥ መጀመሪያ መታየት ያለበት አየር በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ነው። ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ኬዝ ሦስት ፋን ቢደረደርለትም አየር የሚስበው በመስታወቱና በቆርቆሮው መካከል ባለችው ጠባብ ክፍተት ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ ጣትዎን በዚያ ክፍተት ለማስገባት ይሞክሩ፤ ካልገባ ኬዙ ለዓይን እንጂ ለሥራ የተሠራ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ያው ፋን በተመሳሳይ ፍጥነት ሲሽከረከር የሚያስወግደው ሙቀት እዚህ ያንሳል። የአየር ጠባያችን ቀዝቃዛ በመሆኑ ጉዳቱ በከፊል ይካካሳል፤ ቢሆንም አየር የሚያፍን ኬዝ ለመግዛት ምክንያት አይሆንም።

የእኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው፤ ነገር ግን እንዳለ አይተዉት። ፋኑ ከኋላ ብቻ ሲሆን አየር ስለሚያወጣ እንጂ ስለማያስገባ፣ ኬዙ በየስንጥቁና በየቀዳዳው አቧራ ይስባል። አንድ የ120 ሚሊሜትር ፋን ገዝተው አየር ወደ ውስጥ እንዲያስገባ አድርገው ከፊት ይግጠሙ፤ ከኋላው ጠንከር ያለ ወይም እኩል ቢሆን መልካም ነው። ከፋኑ ፊት ፊልተር ከሌለ ስስ የናይለን ጨርቅ ይወጥሩበት፤ ጨርቁ አየሩን በጥቂቱ ቢቀንሰውም እንደ ሰሚት ባለ አቧራማ ቦታ ይህ ኪሳራ አይባልም። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ጨርቁን አውጥቶ ማራገፍ የወንድምዎ ኃላፊነት ይሁን። ፋኑን ሲገዙ መሰኪያው ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ባለ 3 ወይም ባለ 4 ፒን መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሞሌክስ በሚባለው የፓወር ሰፕላዩ ገመድ ላይ በቀጥታ የሚሰኩት ፍጥነታቸው ስለማይስተካከል ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ ያድራሉ።

የድሮ ዕቃ ሰብሳቢ፦

ኦፕቲፕሌክሱን በሚመለከት፦ ቆርቆሮው ዛሬ ከሚሸጡት ርካሽ ኬዞች የጠነከረ መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም የብዙዎቹ ሞዴሎች ቀፎ የተሠራው ለራሱ ለዴል ማዘርቦርድ ነው። የማብሪያው ቁልፍ ገመድ በእርስዎ ቦርድ ላይ በቀጥታ አይሰካም፣ የብሎን ቦታዎቹም ላይገጥሙ ይችላሉ፣ በትንንሾቹ ሞዴሎች ደግሞ መደበኛው የኤቲኤክስ ፓወር ሰፕላይ አይገባም። መቁረጥና መበየድ ለሚችል ሰው ይሆናል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገጣጥም ሰው ግን አልመክርም።

ጀማሪ ገጣጣሚ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እንግዲያው ሁለተኛውን ኬዝ፣ አንድ ተጨማሪ ፋንና ለብቻው የሚሸጥ ፓወር ሰፕላይ እገዛለሁ ማለት ነው። ከመክፈሌ በፊት ሱቁ ውስጥ ምን ምን ልለካ?

አየር ይግባ፦

ሜትር ይዘው ይሂዱ። የማይክሮ ኤቲኤክስ ቦርድ ከፍተኛ መጠኑ 244 በ244 ሚሊሜትር ስለሆነ መግባቱ አያሳስብም፤ የሚለካው ከኋላ ካለው የካርድ መግቢያ እስከ ፊተኛው ፋን ድረስ ያለው ርቀት ነው፤ ፋኑ ራሱ 25 ሚሊሜትር እንደሚወስድ አይርሱ። ይህ ርቀት 280 ሚሊሜትር ያህል ከሆነ ባለ ሁለት ፋን ካርዶች በአብዛኛው ይገባሉ። ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚመጣው ማቀዝቀዣ አጭር ስለሆነ በማንኛውም ኬዝ ይገባል፤ ወደፊት ረጅሙን ዓይነት ለመግዛት ካሰቡ ግን የኬዙ የጎን ስፋት 160 ሚሊሜትር ከፍታ ያለው ማቀዝቀዣ መቀበሉን ይጠይቁ። የጎኑን ክዳን ከፍተው መልሰው ይዝጉት፤ ቆርቆሮው በጣም ስስ ከሆነ ብሎኑ ከቀዳዳው ጋር አይገናኝም።

ቤት ሲደርሱ ቦርዱን ከማስቀመጥዎ በፊት ከታች ያሉትን የነሐስ መቆሚያዎች ከቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር አንድ በአንድ ያስተያዩና ቀዳዳ የሌለበት ቦታ ላይ የቆመ ካለ ይፍቱት። እንዲህ ያለው ትርፍ መቆሚያ የቦርዱን ጀርባ ከነካ ሾርት አድርጎ ሊያቃጥለው ይችላል።