«ሪፖርታችን ድረ ገጻችን ላይ አለ» ማለት ተጠያቂነት ነው እንዴ?

የቆቦ ልጅ፦ ትናንት ስለ ዓለም አቀፍ ኤንጂኦዎች ስናወራ አንድ ሰው «በየዓመቱ ኦዲት ይደረጋሉ፣ ሪፖርታቸው ድረ ገጻቸው ላይ አለ፣ ከዚህ በላይ ምን ግልጽነት ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ጻፈ። ሲያንገበግበኝ አደረ። እኔ ያደግሁት እርዳታ በሚታደልበት አገር ነው። ሴፍቲኔት ላይ (ለተቸገሩ ቤተሰቦች እህል ወይም ብር የሚሰጥበት ፕሮግራም) ስሟ የተመዘገበ አክስት አለችኝ። በስሟ ስንት ኪሎ ወጣ? ስንቱ ደረሳት? ይሄን የሚነግራት ድረ ገጽ የት ነው ያለው? ስልኳ ኢንተርኔት አይከፍትም፣ ሪፖርቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው። የተጻፈው ለሰጪው ነው፣ ለተቀባዩ አይደለም።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። አንድ ፕሮጀክት ላይ የውጭ ኦዲተር ይመጣል፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የውስጥ ኦዲተር ይመጣል፣ ዶነሩም፣ ማለት ገንዘብ ሰጪው፣ የራሱን ይልካል። ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ዓመታዊ ሪፖርት ይገባል። ለአንድ የነዳጅ ደረሰኝ ስንት ፊርማ እንደምንሰበስብ ብታውቅ እንዲህ አትልም። አገራችን ውስጥ ከኤንጂኦ በላይ የሚመረመር መሥሪያ ቤት ካለ ንገረኝ።

የቆቦ ልጅ፦ ወንድሜ፣ ደረሰኙን አልጠየቅሁህም። ድረ ገጹ ላይ ያለውን አክስቴ በምን ታየዋለች ነው ያልኩህ።

ሕግ ተማሪ፦ «ድረ ገጹ ላይ አለ» የሚባለውን በሄይቲ እንየው። የእንግሊዙ የእርዳታ ድርጅት ኦክስፋም እ.ኤ.አ. በ2011 እዚያ የነበሩ ሠራተኞቹን መርምሮ አራቱን አባረረ፣ ሦስቱ ደግሞ ራሳቸው እንዲለቁ ተደረገ። ያኔ ጥፋት መገኘቱን ለሕዝብ ተናግሯል። ከወሲብ ጋር የተያያዘ መሆኑን ግን አልተናገረም። ነገሩ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ዘ ታይምስ ጋዜጣ ሲያጋልጠው ነው። የውስጥ ምርመራውን ሪፖርትም ድርጅቱ ይፋ ያደረገው ከዚያ በኋላ ነው። በእነዚያ 7 ዓመታት ሁሉ ዓመታዊ ሪፖርቱ ይወጣ ነበር፣ ኦዲቱም ይደረግ ነበር። ሂሳቡ ልክ ነበር። የተበደሉት ሴቶች ግን የትኛው ገጽ ላይ ነበሩ?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ ያ ወንጀል ነው፣ ማንም አይከራከርልህም። ግን አንድ ድርጅት አጠፋ ተብሎ ሁሉም አይወቀስም። ደግሞም ራሱ መርምሮ ነው ያባረራቸው።

ሕግ ተማሪ፦ መርምሮ ደበቀ። እኔን የሚያሳስበኝ መደበቁ ነው። አንተ ደግሞ ተጠያቂነትን ከደረሰኝ ጋር ብቻ አያይዘኸዋል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከአሜሪካ ነኝ። ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜ ለአሜሪካ ቀይ መስቀል በስልክ መልእክት 10 ዶላር ከሰጡት አንዱ ነኝ። ድርጅቱ ለሄይቲ ወደ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ሰበሰበ። እ.ኤ.አ. በ2015 ጋዜጠኞች ሄደው ሲያጣሩ የሠራው ቋሚ ቤት 6 ብቻ መሆኑን ጻፉ። ከዚያ ወዲህ ለትልልቆቹ አልሰጥም። አገር ቤት ሰው ሲቸገር በቀጥታ እልካለሁ፣ ወይ በማኅበር እናዋጣለን።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ 6 ቤት የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል። ድርጅቱ ግን ገንዘቡ ጊዜያዊ መጠለያ፣ ሕክምና፣ ውኃ ላይም ውሏል ብሎ መልሷል። ያንን ለምን አትጨምርም? ለመሆኑ እናንተ በማኅበር የምታዋጡትን ማን ኦዲት ያደርገዋል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኛ እንተዋወቃለን።

መስክ ላይ፦ መተዋወቅ ኦዲት አይደለም፣ እህት ወንድሞች። እዚህ በመተዋወቅ የተበላ ብር አይቻለሁ። እሱን ተዉትና ወደ መሬት እንውረድ። የምግብ ማከፋፈያ ቦታ ላይ ሠርቻለሁ። የአንድ ሰው የወር ራሽን 15 ኪሎ ስንዴ፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬ፣ 0.45 ሊትር ዘይት ነበር። መጋዘኑ በር ላይ ባነር ነበር፤ የዶነሩ አርማ በትልቁ፣ የድርጅቱ አርማ ከጎኑ። 15 ኪሎ የሚል ግን የትም አልተጻፈም። ከጥግ የቅሬታ ሣጥን ተሰቅሏል። ቁልፉ ያለው እህል የሚያድለው ኮሚቴ ሰብሳቢ ኪስ ውስጥ ነው። አንዲት እናት ወረቀት ሳይሆን ባዶ ጆንያቸውን አምጥተው አሳዩኝና «ልጄ፣ ይሄ ስንት ኪሎ ይይዛል?» አሉኝ። የድርሻቸውን መጠን የነገራቸው ሰው የለም። እኔ ሪፖርቱ ላይ «የቅሬታ መቀበያ ሥርዓት ተዘርግቷል» ብዬ እንድጽፍ ተጠየቅሁ። ሣጥኑ ስላለ ውሸት አይባልም። እኔ ግን ሕሊናዬ እምቢ አለኝ።

የቆቦ ልጅ፦ ይሄው ነው እኮ! የኔ እህት ተባረኪ። እንዲህ ዓይነቱ ሪፖርት ነው አሁን ድረ ገጹ ላይ ያለው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ አንድ ቃል ይዛችሁ ሙጭጭ አላችሁ። ድረ ገጽ ላይ መኖሩ መጀመሪያው ነው እንጂ መጨረሻው አይደለም። ቁልፉን ለኮሚቴው የሰጠው ድርጅቱ ነው ወይስ ቀበሌው? የተጠቃሚ ዝርዝር የሚያወጣው ማን ነው? ይሄንን ደፍራችሁ ጻፉ።

የመቐለዋ፦ እኔ ልጻፈው። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ የአሜሪካው ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም ትግራይ ላይ የምግብ እርዳታ ማቆማቸውን ተናገሩ፣ ሰኔ ላይ ደግሞ በመላ አገሪቱ። ምክንያቱ እህሉ ተሰርቋል የሚል ነው። ልክ ነው፣ ተሰርቋል። ግን የሰረቀው ሌላ፣ የተቀጣው ሌላ ነው። ለወራት ባዶ እጃችንን ቀረን። የእምባ ጠባቂ ተቋም በ2016 ዓ.ም. ጥር ወደ 400 የሚጠጋ ሰው ትግራይና አማራ ውስጥ በረሃብ መሞቱን አረጋገጠ። ድርቁም አለበት፣ አውቃለሁ። እርዳታ ባይቋረጥ ግን ስንቱ በተረፈ! ዶነሩ ለግብር ከፋዩ ተጠያቂ ሆነ፣ እኛ ከፈልን።

ሕግ ተማሪ፦ የዓለም ምግብ ፕሮግራም የተመድ ነው፣ ኤንጂኦ አይደለም።

የመቐለዋ፦ የተራበ ሰው አርማ አይለይም። ደግሞ የዩኤስኤይድን እህል ሲያድሉ የነበሩት ኤንጂኦዎችም አብረው ነው ያቆሙት። የኛ ሰው ምን አጥፍቶ እንደተቆረጠበት መጥቶ ያስረዳው የለም። ከሬዲዮ ነው የሰማነው።

የቆቦ ልጅ፦ ሌባው ግን የክልላችሁም ባለሥልጣን አለበት። እሱንም ጨምሪ።

የመቐለዋ፦ አለበት። የፌዴራሉም አለበት፣ የኤርትራ ወታደርም አለበት። የክልሉ መርማሪ ኮሚቴ ራሱ ነው የተናገረው። አንተ የኛን ብቻ ለይተህ የጠራኸው ለምንድነው?

የቆቦ ልጅ፦ እኛም ያኔ ተርበናል፣ እህቴ። ቆቦ ጦርነቱ ስንቴ እንደተመላለሰበት ታውቂያለሽ። ለይቼ አልጠራሁም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ እባካችሁ ወደ ክልል ፖለቲካ አትውሰዱት።

የመቐለዋ፦ እርዳታ ያለ ፖለቲካ ታድሎ ያውቃል? አሜሪካ ተቀምጠህ እንዲህ ማለት ቀላል ነው።

መስክ ላይ፦ ስለ ስርቆት አንድ ነገር ልጨምር። ዝርዝር ውስጥ ያልገባ ጎረቤት ስላለ ሰው እህሉን ይካፈላል። 15 ኪሎ የተባለው ለሁለት ለሦስት ቤት ይከፋፈላል። ሽማግሌዎች ተስማምተው ነው። ኦዲተር ሲመጣ ግን ይሄም ላልተፈቀደለት ሰው እንደተሰጠ ተቆጥሮ ከሌባው ጋር አንድ ላይ ይመዘገባል። መጋዘን ገልብጦ የሸጠና ለጎረቤቱ ጣሳ የሰፈረ እንዴት አንድ ይሆናሉ? ይሄን የሚለየው ሕዝቡን የጠየቀ ብቻ ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ግን ሕዝቡን መጠየቅ ገንዘብ ይፈልጋል። መኪና፣ ነዳጅ፣ አበል፣ ቋንቋውን የሚችል ሰው። በድሮው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ 621/2001 ጊዜ 70/30 (ቢያንስ 70 በመቶ ለሥራው፣ ቢበዛ 30 ለአስተዳደር) ሲባል የሥልጠናና የጉዞ ወጪ ሳይቀር የአስተዳደር ተብሎ ሲቆጠርብን ክትትል ነው የቆረጥነው። እሱን የተካው አዋጅ 1113/2011 መጥቶ አስተዳደሩ 20 በመቶ ቢባልም ትርጉሙ ስለተስተካከለ ተነፈስን። እናንተ ግን አሁንም ላንድክሩዘር ባያችሁ ቁጥር «በሉት» ትላላችሁ። ያለ መኪና ማን ሄዶ ሣጥኑን ይክፈት?

የቆቦ ልጅ፦ ላንድክሩዘሩ ወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሲቆም ነው የማየው። መንደር ሲገባ አላየሁም።

ሕግ ተማሪ፦ የ621ን ዘመን ግን አትርሱ። ያኔ «ተጠያቂነት» ተብሎ ነው ከውጭ ከ10 በመቶ በላይ የሚያገኝ ድርጅት ሰብዓዊ መብት ላይ እንዳይሠራ የተከለከለው። ኤንጂኦዎች ቁጥጥር ይደረግባቸው ስትሉ መንግሥት እንዴት እንደሚሰማው አስቡ። እኔ ተቆጣጣሪው ተቀባዩ ራሱ ይሁን ነው የምለው።

መስክ ላይ፦ እንግዲያው ቀላሉን ልናገር። የራሽኑ መጠን በአካባቢው ቋንቋ በትልቁ ይጻፍ። ሚዛን በር ላይ ይቀመጥ። ለቀበሌው የገባው ጠቅላላ ኩንታልና የተጠቃሚው ብዛት ይለጠፍ። በጀቱም በብር ይነበብላቸው።

የቆቦ ልጅ፦ የስም ዝርዝሩም ይለጠፍ። የሞተ ሰው ስም ሲቀበል ኖሯል፣ ሰዉ አይቶ ይለየው።

የመቐለዋ፦ ስም አይለጠፍም! ታጣቂ ባለበት አገር ማን እህል እንዳለው ግድግዳ ላይ ልትጽፍ ነው? ተፈናቃይ ሴቶች ብቻቸውን የሚኖሩበትን ቤት ልታሳይ?

የቆቦ ልጅ፦ ተደብቆ ሲቀመጥ እኮ ነው የሚሰረቀው። ጮክ ብሎ በስብሰባ ይነበብ እሺ።

የመቐለዋ፦ ስብሰባውን የሚመራው ማን ነው? ያው ቁልፉን የያዘው ሰውዬ አይደለም?

ሒሳብ ሠራተኛው፦ እኔ ነገ ቢሮ ስገባ የኛ የቅሬታ ሣጥኖች ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ እጠይቃለሁ። ስሙን ስለመለጠፍ ግን ከመቐለዋ ጋር ነኝ።

የቆቦ ልጅ፦ የጠየቅከውን መልስ እዚህ ጻፈው። ድረ ገጽ ላይ አለ እንዳትለኝ ብቻ።