ጆርጅታውን ረጅም ልጅ ማግኘት ለምን አቃተው?

የሆያዎቹ ደጋፊ፦

ሰላም ጓዶች። ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ኳስ ወዳጆች እስቲ አንድ ነገር አስረዱኝ። ኳስ ስል ቅርጫት ኳስ ነው፣ የአርሰናልን ጉዳይ ለሌላ ቀን እናቆየው። ዓመቶቹም በፈረንጅ ናቸው።

ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ፣ ሆያዎቹ የምንላቸው፣ እኮ የረጃጅሞች ቤት ነበር። ፓትሪክ ዩዊንግ 2 ሜትር ከ13፣ ሙቶምቦና ሮይ ሂበርት 2 ሜትር ከ18፣ መሃል ላይ ደግሞ አሎንዞ ሞርኒንግ። አሰልጣኙ ጆን ቶምሰን በ1984 የአገሪቱን የዩኒቨርሲቲዎች ዋንጫ ሲያነሳ ቀለበቱ ስር የቆመው ዩዊንግ ነበር፣ ማንም እንደ ልቡ ዘው ብሎ አይገባም። ከዚያ ወዲህ ምን ነካቸው? በ2021-22 በሊጋቸው በቢግ ኢስት 19 ጨዋታ ተጫውተው 19ኙንም ተሸነፉ። ያውም አሰልጣኙ ራሱ ዩዊንግ ሆኖ! እሱን የሚያህል ሰው ሳሎንህ ገብቶ «ልጅህን ስጠኝ፣ ሴንተር፣ ቀለበት ስር የሚጫወት ረጅም፣ አደርገዋለሁ» ቢልህ እምቢ ትላለህ? እኔ ቡና አፍልቼ ልጁን ከነሻንጣው ነው የማስረክበው።

ረጅም ልጅ ጠፍቶ ነው? ገንዘብ ነው? ወይስ ምልመላው ላይ ነው የሚሰንፉት?

ዳኒ ከአሌክሳንድሪያ፦

ያገኛሉ ባክህ። አይቆይላቸውም እንጂ።

ኩዱስ ዋሃብን አስታውስ። ከናይጄሪያ መጥቶ እዚሁ ቨርጂኒያ ሃይስኩል የተማረ። በ2021 ጆርጅታውን ማንም ሳይጠብቀው የቢግ ኢስትን ዋንጫ ሲበላ ሴንተሩ እሱ ነበር። ወዲያው ወደ ሜሪላንድ ሄደ፣ በዓመቱ ተመለሰ፣ ከዚያ ደግሞ ፔን ስቴት ገባ። ድሮ ትምህርት ቤት የቀየረ ልጅ አንድ ዓመት ቁጭ ብሎ ይጠብቅ ነበር። በ2021 የኮሌጅ ስፖርት አስተዳዳሪው ኤን ሲ ኤ ኤ ያንን አነሳው። አሁን ስምህን የዝውውር ፖርታል ውስጥ ታስገባለህ፣ ስልክህ መጮህ ይጀምራል።

ይሄ ነገር ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ረጃጅሞቹን የሚያሳድግ ቡድን ነው። ኳስ የሚያንቀሳቅስ አጭር ጋርድ በ17 ዓመቱ ምን እንደሚሆን ታየዋለህ። ረጅም ልጅ ግን አጥንቱ ከጡንቻው ቀድሞ ያድጋል፣ እግሩ አይታዘዘውም፣ ሦስት ጊዜ ሜዳውን ሮጦ ያለከልካል፣ ፋውል ያበዛል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ዓመት በትዕግስት ማብሰል ይጠይቃል። ሂበርት ሲመጣ ማን ቁም ነገር ብሎት? በሦስተኛ ዓመቱ፣ በ2007፣ ከጄፍ ግሪን ጋር ፋይናል ፎር፣ የመጨረሻዎቹ አራት ውስጥ፣ አደረሳቸው። ዛሬ ቢሆን በሁለተኛው ዓመት ወይ እሱ የተሻለ ከፋይ አግኝቶ ይሄዳል፣ ወይ አሰልጣኙ የበሰለ ሰው ከፖርታል ያመጣበታል።

ቤዛ፦

ዳኒ ልክ ነው፣ ግን ገንዘቡን በጎን አለፈው።

ከሐምሌ 2021 ጀምሮ ልጆቹ በስማቸውና በምስላቸው መነገድ ይችላሉ። ከሐምሌ 2025 ወዲህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ይከፍላል፣ የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ለሁሉም ስፖርት። አሁን ስሙኝ። ትልልቆቹ የአሜሪካን ፉትቦል ትምህርት ቤቶች ከዚህ ላይ የአንበሳውን ድርሻ ለፉትቦል ነው የሚሰጡት። ጆርጅታውን እንደነሱ ገንዘብ የሚበላ ፉትቦል የለበትም። ስለዚህ «ገንዘብ የለንም» የሚለው ለቅሶ እኔን ብዙ አያሳምነኝም። ያላቸውን ቅርጫት ኳሱ ላይ ማዋል ይችላሉ። ጥያቄው ለጋሾቹ ኪሳቸውን ይከፍታሉ ወይ ነው።

ሁለተኛው ቪዛ ነው። ከረጃጅሞቹ ብዙዎቹ ከውጭ የሚመጡ ናቸው፣ በተማሪ ቪዛ። የተማሪ ቪዛ ያለው ሰው ደግሞ እንደ ልቡ ማስታወቂያ ሠርቶ ገንዘብ መቀበል አይችልም። እዚህ ያለን ሁላችን የምናውቀው ጣጣ ነው፣ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዛክ ኢዲ እንኳን፣ ካናዳዊው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ግዙፍ፣ በአገሪቱ አንደኛ ተጫዋች ሆኖ አሜሪካዊ ጓደኞቹ ያገኙትን ዕድል አላገኘም።

አንጋፋው፦

ልጆች፣ እናንተ ስለ ፖርታል ታወራላችሁ፣ እኔ ጨዋታው ላንድኦቨር፣ ካፒታል ሴንተር የነበረ ጊዜ ነው የማውቀው። ሙቶምቦ እንዴት እንደመጣ ታውቃላችሁ? በ1987 ከኪንሻሳ በአሜሪካ መንግሥት የዕርዳታ ድርጅት ስኮላርሺፕ ሐኪም ልሁን ብሎ ነው የመጣው። ለኳስ አልነበረም። ግቢው ውስጥ 2 ሜትር ከ18 የሆነ ሰው ሲንጎራደድ ቶምሰን ዝም ብሎ ያሳልፈዋል? የመጀመሪያውን ዓመት አልተጫወተም፣ ገና እንግሊዝኛ ይማር ነበር። በኋላ የሕክምናውን ነገር ትቶ በቋንቋና በዲፕሎማሲ ተመረቀ። በ2024 አረፈ፣ ነፍስ ይማር።

ዛሬ እንደዚያ ያለ ሎተሪ አይደርስም። ኤን ቢ ኤ ሴኔጋል ውስጥ አካዳሚ ከፍቶ ልጆቹን ገና በለጋነታቸው ይሰበስባል። ካማን ማሉዋችን እዩት፣ የደቡብ ሱዳን ልጅ ነው፣ ኡጋንዳ ያደገ፣ የጎረቤታችን ልጅ በሉት። ከዚያ አካዳሚ ቀጥታ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ አንድ ዓመት ተጫወተ፣ በ2025 ድራፍት፣ የኤን ቢ ኤ ቡድኖች አዳዲስ ልጆች በሚመርጡበት፣ 10ኛ ሆኖ ተመረጠ። ዱክ ከመጣ ሌላው ምን ሊለው ነው?

አጭሩ ጋርድ፦

እኔ የማልገባበት ክርክር። ረጅም ሰው ለምን አስፈለገ? በ2023 ፌርሊ ዲኪንሰን፣ ከከፍተኛው እርከን፣ ከዲቪዚዮን አንድ፣ ቡድኖች በቁመት የመጨረሻው፣ ኢዲን የያዘውን ፐርዱን 63 ለ58 ሸኘው። ኢዲ 2 ሜትር ከ24 ነው! ዙሪያውን ከበቡት፣ ኳስ እንዳይደርሰው አደረጉ፣ አለቀ።

ዳኒ ከአሌክሳንድሪያ፦

@አጭሩ ጋርድ፣ እና በዓመቱ ምን ሆነ? ያው ኢዲ ፐርዱን ፍጻሜ አደረሰው፣ እዚያ 37 ነጥብ አስቆጠረ። ያሸነፈው ኮኔቲከት ደግሞ በአጫጭሮች አይደለም፣ 2 ሜትር ከ18 የሆነው ዶኖቫን ክሊንገን ነበረው። አንድ ምሽት ያለ ረጅም ሰው ታሸንፋለህ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን ትታመማለህ።

ስለ ኢዲ ካነሳን፣ ይሄ ልጅ ሃይስኩል እስኪጋመስ ሆኪና ቤዝቦል ይጫወት ነበር። ሲመለመል ደረጃው ከ400ኛ በታች ነው። ፐርዱ ወሰደው፣ አራት ዓመት አቆየው፣ ሁለት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ሆነ። ፐርዱ ከእሱ በፊትም ተራ በተራ ትልልቅ ሴንተሮችን ሲያሳድግ ኖሯል። አንድ ረጅም ልጅ «እዚህ ብሄድ ኳስ ይሰጡኛል» ብሎ ያስባል። ማንም ቀለበት ስር ቆሞ አምስት ዓመት እስክሪን ሲሠራ፣ ለጓደኛው ተከላካይ ሲጋርድ፣ መኖር አይፈልግም።

ቤዛ፦

ይሄኛው ነጥብ ይመቸኛል። አሁን ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ፕሮፌሽናል የነበሩትም እየጎረፉ ነው። ኢሊኖይ ክሮኤሺያዊውን ቶሚስላቭ ኢቪሲችን ወሰደ፣ ቀጥሎ መንታ ወንድሙን ዝቮኒሚርን ከአርካንሳስ ጨመረ። ቁመታቸው ሰባት ጫማ የሆነ ሁለት ልጆች ከአንድ ማሕፀን! 22 ዓመት የሞላው፣ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ሲጋፋ ያደገ ልጅ ማግኘት ከተቻለ፣ የ17 ዓመቱን ቀጫጫ ማን ይጠብቃል?

የሆያዎቹ ደጋፊ፦

ጋሼ አንጋፋው፣ የሙቶምቦን ታሪክ በሙሉ አላውቀውም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ጊዜውን በዓይንዎ ያዩ ሰው ነዎት።

ከዩዊንግ ቀጥሎ ለተቀጠረው አሰልጣኝ ለኤድ ኩሊ ግን ፍትሐዊ እንሁን። በ2024 ቶማስ ሶርበርን አመጣ፣ 2 ሜትር ከ8 ገደማ፣ እጁ ከዚያም የሚረዝም። በአማካይ 14.5 ነጥብና 8.5 ሪባውንድ ነበረው። የካቲት ላይ እግሩን ተጎዳ፣ በዚያው ክረምት ድራፍት 15ኛ ሆኖ ሄደ። በደንብ መለመልክ፣ ሽልማትህ አንድ ዓመት እንኳን ያልሞላ ጨዋታ ነው። ቀጥሎ ቪንስ ኢውቹኩን ከፖርታል ወሰዱ። ለልጁ ሦስተኛ ዩኒቨርሲቲው ነው፣ መጀመሪያ ሳዘርን ካሊፎርኒያ፣ ከዚያ ሴንት ጆንስ። እኔ ብሆን በየዓመቱ ማንም ያልፈለገው አንድ ቀጫጫ ረጅም አስፈርሜ፣ ስኮላርሺፑን የሦስት ዓመት ዕቁብ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ስምንቱ ይሄዳሉ፣ አንዱ ይቀራል።

ባይሆን የእህቴ ልጅ አለ። 14 ዓመቱ ነው፣ የቤታችንን በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። እናቱ ግን ሶከር ካልሆነ ብላለች፣ በረኛ ልታደርገው።

አንጋፋው፦

በረኝነቱ አይጎዳውም፣ እጅና እግሩን ያላምድለታል። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቅርጫቱም ውሰደው። መጀመሪያ ኳስ መንዳት ይልመድ እንጂ ገና በዚህ ዕድሜው ቀለበት ስር አትገትሩት።

ቤዛ፦

ጫማው ስንት ቁጥር ነው?