ጥያቄ፦ የሽዋን ሴልና የኦሊጎዴንድሮሳይት ልዩነት፤ የኤክስ ክሮሞሶም ውርስ ስሌትስ?

ጠያቂ፦ ወገኖች፣ ለፈተና ስዘጋጅ ሁለት ነገር ተምታታብኝ። ሽዋን ሴልም ኦሊጎዴንድሮሳይትም አክሶንን (የነርቭ ሴልን ረጅም ክር) በማየሊን (በቅባታማ ሽፋን) የሚሸፍኑ ከሆነ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? ሌላው፦ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ባለ ሪሴሲቭ ጂን (ጤነኛ ቅጂ አብሮት ካለ በሽታው የማይገለጥ) የሚወረስ በሽታ አለ፤ እናት ተሸካሚ (ጂኑ ያላት ግን ያልታመመች)፣ አባት ጤነኛ ናቸው። የታመመ ልጅ የመውለድ ዕድላቸውን አንዱ መጽሐፍ 50 በመቶ፣ ሌላው 25 በመቶ ይለዋል። የቱን ልያዝ?

መላሽ 1፦ መጀመሪያ ቦታቸውን ይለዩ። ኦሊጎዴንድሮሳይት በአንጎልና በህብለ ሰረሰር ውስጥ ነው፤ ሽዋን ሴል ከዚያ ውጭ ባሉ ነርቮች ላይ። አንድ ሽዋን ሴል የአንድ አክሶን አንዲት ቁራጭ ብቻ ይጠቀልላል። አንድ ኦሊጎዴንድሮሳይት ግን ክንዶቹን ዘርግቶ በተለያዩ አክሶኖች ላይ እስከ 50 የሚደርሱ ቁራጮችን ሊሸፍን ይችላል፤ ስለዚህ እሱ ሲሞት ብዙ አክሶን አብሮ ይጎዳል። ተማሪ የሚስተው የዓይን ነርቭ ላይ ነው። የውጭ ነርቭ ይመስላል እንጂ ከአንጎል የወጣ አካል ስለሆነ የሚሸፍነው ኦሊጎዴንድሮሳይት ነው። የአንጎልንና የህብለ ሰረሰርን ማየሊን የሚጎዳው በሽታ፣ መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ የዓይን ነርቭን የሚያጠቃውም ለዚህ ነው።

መላሽ 2፦ ማየሊን ራሱ መልእክት እንደማያስተላልፍም ይያዙ። የሶዲየም በሮች (ሶዲየምን ወደ አክሶኑ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች) ተጠጋግተው የሚገኙት በቁራጮቹ መካከል ባለው ክፍተት፣ በራንቪየር ኖድ ላይ ነው፤ መልእክቱ እዚያ እየታደሰ ያልፋል። ፍጥነቱ ወፍራም ማየሊን ባለው አክሶን በሴኮንድ እስከ 120 ሜትር ይደርሳል፤ ማየሊን በሌለው ከ0.5 እስከ 2 ሜትር ገደማ ነው። ማየሊኑ ሲላጥ የተገለጠው ክፍል በቂ በር ስለሌለው መልእክቱ መንገድ ላይ ይከስማል።

መላሽ 3፦ ወደ ስሌቱ ልምጣ። ሁለቱም መጽሐፎች ልክ ናቸው፤ የተጠየቁት ነገር ነው የተለያየው። ጤነኛውን ኤክስ «ጤ»፣ የታመመውን «በ» ብለው ሰንጠረዥ ይሥሩ። እናት ጤ ወይም በ ትሰጣለች፤ አባት ጤ ወይም ዋይ (ልጁን ወንድ የሚያደርገውን ክሮሞሶም)። አራቱ ውጤቶች፦ ጤጤ (ጤነኛ ሴት)፣ በጤ (ተሸካሚ ሴት)፣ ጤዋይ (ጤነኛ ወንድ)፣ በዋይ (የታመመ ወንድ)። «ከሚወለዱ ልጆች» ከተባለ ከ4ቱ 1 ነው፣ 25 በመቶ። «ከወንዶች ልጆች» ከተባለ ከ2ቱ 1 ነው፣ 50 በመቶ። ጥያቄው ውስጥ «ልጅ» ይላል ወይስ «ወንድ ልጅ»? ቁልፉ እሱ ነው።

በማየሊን በሽታዎች ላይ ምሳሌ ከፈለጉ፣ ፔሊዜየስ መርዝባከር በኤክስ ላይ ካለው የፒኤልፒ1 ጂን ይመጣል፤ የሚጎዳው የኦሊጎዴንድሮሳይትን ሥራ ነው። ሻርኮ ማሪ ቱዝ 1ኤ ግን በ17ኛው ክሮሞሶም ላይ የፒኤምፒ22 ጂን አንድ ትርፍ ቅጂ በመኖሩ የሚመጣ ዶሚናንት (ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስም የሚገለጥ) በሽታ ነው፤ የሚጎዳው ሽዋን ሴልን ነው። ከታመመ ወላጅ ለሚወለድ ለእያንዳንዱ ልጅ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። በዘር ሐረግ ሥዕል ላይ በሽታው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ከተላለፈ የኤክስ ውርስን ይሰርዙት፤ አባት ለወንድ ልጁ የሚሰጠው ዋይ ነውና።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። የዚያች ተሸካሚ እናት ጤነኛ ሴት ልጅ ጤነኛ ሰው ብታገባ፣ የታመመ ልጅ የመውለድ ዕድሏስ?

መላሽ 3፦ ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ½ ነው፤ ተሸካሚ ከሆነች የታመመ ልጅ የመውለድ ዕድሏ ¼። ሲባዛ 1/8። የታመመ ወንድ ልጅ ቀድማ ከወለደች ግን ስሌቱ ይለወጣል፤ በሽታው ከእናቷ የመጣ ከሆነ ተሸካሚነቷ ስለተረጋገጠ ለቀጣዩ ልጅ ¼ ይሆናል።