የብሬከር ሳጥኑ ይጠገን ወይስ ይቀየር? ሁለት ባለሙያ ሁለት የተለያየ ነገር ነገሩኝ

የቀበናዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የመብራት ሥራ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉኝ።

ቤቱ የእናቴ ነው። በ1958 ዓ.ም. የተሠራ የጭቃ ቤት ነው፣ ግድግዳው በኋላ በሲሚንቶ ተለስኗል። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ነገር ጎን ለጎን ተሰቅሏል። አንደኛው ከድሮ የቀረ የእንጨት ሰሌዳ ነው። ነጫጭ የሸክላ ፊውዞች አሉት፣ ሁለት ሁለት ሆነው የተደረደሩ። የመኝታ ቤቶቹና የሳሎኑ መብራት እስካሁን በሱ ነው። ሁለተኛው በኋላ የተጨመረ የፕላስቲክ ሳጥን ነው፣ ስድስት ብሬከር ይይዛል። ምጣዱ፣ የሻወር ቦይለሩ፣ የኩሽናው ሶኬቶችና ተከራይ ያለበት ሰርቪስ ቤት የሚወጡት ከዚህ ነው።

ምጣድና ቦይለር አንድ ላይ ከበሩ ባለ 20 አምፔሩ ብሬከር ይወርዳል። ይሄ የቆየ ነው፣ ለምደነዋል። እንጀራ ሲጋገር ቦይለር ይጠፋል፣ በቃ። አሁን ግን ምጣዱ ብቻውን ሆኖም ይወርድ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ደህና ነው። አሥር አሥራ አምስት እንጀራ ከወጣ በኋላ ቀጭ ይላል። ወዲያው ላንሳው ብል አይዝም፣ እስኪበርድ መጠበቅ አለብኝ።

ሽታም አለው። የዓሣ ዓይነት ሽታ። እናቴ አይጥ ሞታለች ብላ ቁም ሳጥኑን ሁሉ አስገለበጠችን። ባለፈው ቅዳሜ የሳጥኑን መስኮት ገልጬ ሳይ የዚያ ብሬከር የታችኛው ጫፍ ቡናማ ሆኗል። እዚያው የሚገባው ሽቦ ላይ ያለው ፕላስቲክም ተኮማትሯል።

ሁለት ሰው አስመጣሁ። አንደኛው “ብሬከሯን ቀይሬልሽ ልሂድ፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ ናት” አለ። ሁለተኛው ሁሉም ይውጣ፣ የቤቱ ሽቦም ይቀየር፣ ግድግዳውም ይፈርሳል ባይ ነው። የመጀመሪያው የጠየቀኝ ብር የሁለተኛውን ሩብ አይሆንም። እናቴ ደግሞ “አባታችሁ ያስገጠመው ፊውዝ አንድ ቀን አስቸግሮኝ አያውቅም፣ እንዳትነኩት” ብላለች። ቤቱም ቀለም ከተቀባ ገና ዓመት አልሞላው።

ማንን ልመን?

ቶሎ በል

ይሄን ያህል ማስጨነቅ የለበትም። ባለ 20ውን አውጥተሽ ባለ 40 አስገቢበት። እኔ እንደዛ አድርጌ ይኸው ሰላም ነኝ። ኤሌክትሪሺያን ሁሉ የሚፈልገው ብርሽን ነው።

ጋሽ ፒንሳ

ከላይ ባለ 40 አስገቢ ያልከው ወንድሜ፣ ምክርህን መልሰህ ውሰድ። ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን አይደለም፣ ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው። እንዲህ ዓይነት ቤት ውስጥ ለምጣድ የተዘረጋው ሽቦ ብዙ ጊዜ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው። በሱ ላይ ባለ 40 ቢገባበት ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ሽቦው ግን ውስጥ ለውስጥ ይበስላል። የጭቃ ቤት ግድግዳ ደግሞ ውስጡ እንጨትና ጭድ ነው። አንተ ሰላም የሆንከው እስካሁን ነው።

እህቴ፣ ወደ አንቺ ልምጣ። በዚህ ሥራ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ፣ እንዳንቺ አጥርቶ የነገረኝ ደንበኛ ጥቂት ነው። ብዙው ሰው “መብራቱ ይጨናነቃል” ብሎ ዝም ነው የሚለው።

መጀመሪያ ሂሳቡን እንሥራ። የእንጀራ ምጣድ ባብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ያንቺን 3.7 ብለን እንያዘው። 3,700ን ለ220 ቮልት ስታካፍዪው 17 አምፔር ገደማ ነው። ባለ 2,000 ዋት ቦይለር 9 ይጨምራል። ድምሩ 26 ሆነ። ባለ 20 ብሬከር 26 አምፔር ሲመጣበት ወዲያው አይወርድም። ደቂቃዎችን ታግሶ ነው የሚወርደው፣ ሲሠራም እንዲያ ነው የተሠራው። ስለዚህ የድሮው ችግርሽ የጭነት ነበር፣ ብሬከሩም ሥራውን በትክክል ሠርቷል።

የአሁኑ ግን ሌላ ነው። ምጣዱ ብቻውን 17 አምፔር ነው፣ ባለ 20ን ሊያወርደው አይገባም። ለምን ወረደ? ብሬከሩ ውስጥ ሲሞቅ የምትቆለመም ትንሽ የብረት ቁራጭ አለች። እሷ ስትቆለመም ነው ቀጭ የሚለው። ሙቀቱ ከየት እንደመጣ አትለይም፣ ከአምፔር ብዛት ይሁን ከጎን። ያንቺ ከጎን ነው የመጣው። የብሬከሩ የታችኛው ብሎን ላልቷል፣ ሽቦው በደንብ አልተያዘም፣ መገናኛው ላይ ይግላል። ቡናማው ቀለምና የተኮማተረው ፕላስቲክ ማስረጃው ነው። የዓሣው ሽታም የፕላስቲኩ ነው፣ አይጧን አትፈልጓት። በርዶ ካልሆነ አልይዝም ማለቱም ከዚሁ የመጣ ነው።

እንግዲህ ምጣድ ይሞቃል፣ ይበርዳል፣ ሳምንት ቆይቶ እንደገና ይሞቃል። መዳቡ በሞቀ ቁጥር ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሸሻል። በየዓመቱ ብሎኖቹን በካቻቢቴ የሚያጠብቅ ሰው ስለሌለ እያደር ይላላል። አዲስ አበባ ውስጥ ተቃጥሎ ያየሁት ሳጥን አብዛኛው የተበላው በምጣዱ መስመር በኩል ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ባለሙያዎች። የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ይዟል። ብሬከሩ መለወጥ አለበት። ግን አዲስ ብሬከር በጠቆረ ሽቦ ላይ ካሰረልሽ ያው ነው፣ ወራት ሳይቆይ ትገናኛላችሁ። ሁለተኛውም ግማሽ እውነት አለው፣ ግን ሽቦውን ሳያይ ቤት ማፍረስ የጀመረ ሰው አልወድም።

ስለዚህ ማንንም ከመቅጠርሽ በፊት ሳጥኑ ይከፈት። ሽፋኑን አንቺ አትፍቺ። ባለሙያው ቴስተሩን መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ይሞክር፣ ቆጣሪው ጋ ካለው ብሬከር ያጥፋ፣ ከዚያ ሳጥኑን ይፈትሽ። ቆጣሪው ጋ ማጥፊያ ከሌለ ሥራው ይቁምና ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ አመልክቱ። የቆጣሪው ማሸጊያ አይነካም፣ እሱ የእናንተ አይደለም።

ሲከፈት ሦስት ነገር ይታይ። አንደኛ፣ ብሬከሮቹን ከላይ የሚያገናኘው የመዳብ ባስባር። ንጹሕና ቀይ ከሆነ ሳጥኑ ይድናል። ከጠቆረ፣ ከተበሳሳ ወይም ጥርሱ ከተበላ ጥገና የሚባል ነገር የለም፣ ሳጥኑ ይውጣ። ሁለተኛ፣ የተቃጠለው ሽቦ። መዳቡ እስኪያበራ ድረስ እየተቆረጠ ይሂድ። አንድ ጣት ተቆርጦ ንጹሕ ከወጣ ደህና ነው። ክንድ ያህል ገብቶም ጥቁር ከሆነ ወይም ፕላስቲኩ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ቂጣ የሚሰበር ከሆነ ያ መስመር አልቋል። ሦስተኛ፣ ኮርኒስ ውስጥ ያሉ መጋጠሚያዎች። እዚያ ተጠማዞ በናስትሮ የተጠቀለለ ሽቦ አይጠፋም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ የራሴን ፍርድ ልንገርሽ። የፕላስቲኩ ሳጥን ቢድን እንኳ የእንጨቱ ሰሌዳ መነሣት አለበት። እናታችን ይቅር ይበሉኝ። ፊውዞቹ “ሁለት ሁለት ሆነው የተደረደሩ” ብለሻል። ያ ማለት አንዱ በፌዙ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ)፣ ሌላው በኒውትራሉ (በሚመልሰው ሽቦ) ላይ ነው። ድሮ እንደዚያ ይሠራ ነበር። አደጋው ይኸውልሽ፦ የኒውትራሉ ፊውዝ ብቻውን ሲቃጠል አምፖሉ ይጠፋል፣ ሽቦው ላይ ግን ኤሌክትሪኩ እንዳለ ነው። መብራት የለም ብሎ አምፖል ለመቀየር የወጣ ሰው ይመታል። “አስቸግሮኝ አያውቅም” የሚለውም አያሳምነኝም። የሸክላ ፊውዝ የማያስቸግረው አንዳንዴ አንድ ሰው ወፍራም የመዳብ ክር ስላሰረበት ነው። አንዱን ነቅላችሁ እዩት።

ስለዚህ ባለ 12 ቦታ አንድ ሳጥን ይግባና ሁለቱን ይተካ። ምጣዱ በባለ 4 ሽቦና በባለ 20 ብሬከር ለብቻው ይውጣ። ቦይለሩ በባለ 2.5 እና በባለ 16 ለብቻው። ለመብራቱ ባለ 1.5 ሽቦና ባለ 10 ይበቃል። ሰርቪስ ቤቱ የራሱ መስመርና እዚያው ማጥፊያ ያለው ትንሽ ሳጥን ይኑረው፣ ተከራይ በናንተ ኮሪደር መመላለስ የለበትም። ግድግዳ መፍረስ የለበትም። አዲሶቹ ሁለት ሦስት መስመሮች በኮርኒስ ሄደው በፕላስቲክ ቱቦ ከግድግዳው ውጭ ይውረዱ። ውበቱን ትንሽ ይነካል፣ ቀለሙ ግን ይተርፋል። የቀረው የመብራት ሽቦ ተፈትሾ ደህና ከሆነ ይቆይ።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ሻወር ስትወስዱ ቧንቧው ይነዝራል?

የቀበናዋ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አዎ፣ ይነዝራል! እኛ ጫማ አድርገን ነው የምንታጠበው። የሁሉም ሰው ቤት እንደዛ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ፒንሳ

የብዙ ሰው ቤት እንደዛ ነው፣ ትክክል ግን አይደለም። የቦይለሩ ማሞቂያ ኤሌክትሪክ ያፈሳል፣ ቤቱም ኤርዝ፣ ማለትም የፈሰሰውን ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ የለውም ማለት ነው። ቦይለሩን ከዛሬ ጀምሮ አጥፉት፣ ውኃ በድስት አሙቃችሁ ታጠቡ። ሳጥኑ ሲቀየር ግቢው ውስጥ የኤርዝ ዘንግ ይተከል፣ ከሱ የሚመጣው አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ምጣዱና ቦይለሩ ድረስ ይድረስ። ከዚያ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጥ የፍሳሽ መቁረጫ ብሬከር ይግባ። ላዩ ላይ 30 ሚሊአምፔር ወይም 0.03 የሚል ጽሑፍና ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። ተራ ብሬከር ሰው ሲነዝረው አያውቅም። ሰው ላይ የሚያልፈው ትንሽ ነው፣ ባለ 20 ብሬከር ከቁጥርም አያስገባውም።

የኮልፌ ልጅ

ጋሽ ፒንሳ፣ እኔ ያችን መቁረጫ አስገብቼ ነበር። አልያዝ አለች። ባነሣት ትወርዳለች፣ ባነሣት ትወርዳለች። የገጠመው ልጅ “ይሄ ለፈረንጅ ቤት ነው” ብሎ አወጣት። ዕቃዋ የውሸት ናት ማለት ነው?

ጋሽ ፒንሳ

የውሸትም ልትሆን ትችላለች፣ ግን መጀመሪያ ልጁን ነው የምጠረጥረው። ያቺ ዕቃ በፌዙ የሄደው በኒውትራሉ መመለሱን ነው የምትቆጥረው። አሮጌ ቤት ውስጥ የአንዱ ክፍል ኒውትራል ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል። ሂሳቡ አልመጣ ሲላት ትወርዳለች። መስመሮቹን አንድ በአንድ ነቅሎ የትኛው እንደሚያወርዳት መፈለግ ነበረበት። አንዱ ጋ የተቀላቀለ ኒውትራል ያገኛል፣ ወይ ደግሞ እርጥበት የገባበት ሶኬት ወይም የሚያፈስ ቦይለር። ግማሽ ቀን ይፈጃል፣ ስለዚህ ነው ማውጣቱ የቀለለው። መፈለግ ካቃተ ቢያንስ ለቦይለሩና ለምጣዱ ብቻ ትግባ።

የቀበናዋ

ዛሬ ሳጥኑ ተከፈተ። ሁለተኛውን ሰውዬ ነው የጠራሁት፣ የጋሼን መልስ አንብቤለት “እነዚህን ሦስቱን አሳየኝ” አልኩት። መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፣ ከዚያ ራሱ ፍላጎት አደረበት።

ባስባሩ በምጣዱ ብሬከር በኩል ጥርሱ ተበልቷል፣ ጥርስ እንዳለው እንኳ አይታወቅም። ሽቦው ባለ 2.5 ነው፣ አንድ ስንዝር ተቆርጦ ንጹሕ ወጣ። ግን ኮርኒስ ላይ ከቀጭን ሽቦ ጋር በናስትሮ ተጋጥሟል። የመብራቱ ሽቦ ደህና ነው አለኝ። ፊውዞቹንም ነቀልናቸው፣ ጋሼ እንዳሉት ከአራቱ ጥንድ ሁለቱ ላይ ተራ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። እናቴ ይሄን ስታይ ዝም አለች፣ ከዚያ “እንግዲያው ቀይሩት፣ ሰሌዳውን ግን አትጣሉብኝ” አለች።

ሳጥኑ ይቀየራል፣ የምጣድና የቦይለር መስመር አዲስ ይሆናል፣ ግድግዳ አይፈርስም። ዋጋውም ከመጀመሪያው ጥያቄው ወደ ግማሽ ወረደ። ዕቃውን ራሴ ከመርካቶ ልግዛ ብያለሁ። ምን ልይ?

ጋሽ ፒንሳ

ሰሌዳውን ሽቦው ከተነቀለ በኋላ የፈለጉበት ይስቀሉት።

ብሬከሩ ላይ ጽሑፉ በደንብ የታተመ ይሁን። ‹ሲ 20› ይላል፣ ከሥሩ አራት ማዕዘን ውስጥ 6000 ቢኖር ጥሩ ነው። እሱ ሽቦ ከሽቦ ሲነካካ ሳይፈነዳ የሚችለው አምፔር ነው። አይኢሲ (IEC) 60898 የሚል የዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥርም ፈልጊ። ማንሻውን ደጋግመሽ አንሺና አውርጂው፣ የሚያወላውል ከሆነ መልሺው። የብሎኑን ቀዳዳ እይ፣ ውስጡ ቀጭን ቆርቆሮ ከሆነ አትግዢ። ባስባሩ መዳብ ይሁን፣ ሻጩ ካልከፋው ጠርዙን በቢላ ጫር አድርጊው። ነጭ ብረት ከወጣ የተቀባ ነው።

ተከራዮቹ ምጣድ ካላቸው ደግሞ ቀድመሽ ተነጋገሪ። ሁለት ምጣድ አንድ ላይ 34 አምፔር ነው። ቆጣሪው የሚችለውን አይተሽ ካልበቃ ጋገራው በተለያየ ቀን ይሁን።

ሥራው ሲያልቅ ቀሪውን ብር ከመክፈልሽ በፊት ባለሙያው እዚያው እያለ ሙሉ ሊጥ አስጋግሪ። ቦይለሩንም አብሪው። ጋገራው ሲያልቅ የብሬከሩን ፊት በእጅሽ ጀርባ ንኪው። ለብ ማለቱ ያለ ነው። እጅሽን ካስነሣሽ ብሎኑን ድጋሚ ያጥብቅልሽ፣ ከዚያ ክፈዪው።