የመንገድ ዳር አትክልት ጎርፍ ይይዛል ወይስ ጭቃ ይጨምርብናል? (ደብረ ብርሃን)

የበሬሳ ዳር ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። በኮብልስቶኑና በአጥራችን መሃል 30 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ከ20 ስፋት ያለው ባዶ መሬት አለ። አምና አበባ እንትከል ብለን አፈር ከጠርዝ ድንጋዩ በላይ ቆለልን። ሐምሌ ሲገባ አፈሩ ተጠርጎ መንገድ ላይ ወጣ፣ ጽጌረዳችንን ሥሯ ተራቁቶ ኮብልስቶን ላይ ተጋድማ አገኘናት። ጎርፉ እንደ ልማዱ በበሩ ስር ገባ። ዘንድሮ አንድ ጎረቤታችን «መሬቱን ከመንገዱ ዝቅ አድርገን ጎርፉን እናስገባው» አለ። ሳቅንበት። የሞከረ አለ?

ዶማና አካፋ
የሳቃችሁበት ሰውዬ ልክ ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ አንድ ሊትር ነው። ወደ እናንተ የሚያዘነብለው የመንገዱ ግማሽ ስፋቱ 3 ሜትር ተኩል ቢሆን፣ በ30 ሜትሩ ርዝመት ሲባዛ 105 ካሬ ማለት ነው፤ 20 ሚሊ ሲዘንብ ወደ 2,100 ሊትር ይመጣል፣ አስር በርሜል በለው። መደቡን ከመንገዱ 15 ሳንቲ ዝቅ ብታደርጉት ሜዳ ከሆነ 5,400 ሊትር ይይዛል። ቁልቁለት ከሆነ ግን ሁሉም ታች ስለሚከማች በየ5 ሜትሩ ትንሽ የድንጋይ እርከን ሥሩለት። ውሃ የሚገባበት የጠርዝ ድንጋይ ይከፈታል (ቀበሌውን አናግሩ፣ ዝም ብላችሁ እንዳትነቅሉ)፣ መግቢያው ላይ ድንጋይ ይነጠፍ፣ አለዚያ ጎርፉ ቦርቡሮ ይገባል። ፌስታልና ሃይላንድም እዚያው ነው የሚከማቸው፣ በየሳምንቱ የሚለቅም ሰው ከአሁኑ መድቡ።

የሞረት ሰው
ቆይ፣ አፈሩ ምንድን ነው? ዋልካ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ከሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው። እኛ ጋ እነዋሪ (ሞረትና ጅሩ) ላይ ገበሬው መደብ በእጁ ከፍ እያደረገ ውሃውን በቦይ የሚያስወጣው ወዶ አይደለም፣ ዋልካ አንዴ ከጠገበ አያሰርግም። እስከ ጉልበት ቆፍረህ ውሃ ሙላበት። አሁን ግንቦት ነው፣ መሬቱ ስለተሰነጠቀ የመጀመሪያው ባልዲ እልም ይላል፣ እንዳያታልልህ! ሦስቴ ሙላና የሦስተኛውን እይ። በማግስቱ ካልወረደ አፈሩን አውጥታችሁ ከስር ኮረት፣ ከላይ አሸዋ ከፍግና ከአፈር ጋር ቀላቅላችሁ ሙሉት፣ ከኮረቱ መሃል የተበሳ ቱቦ ወደ ጎርፍ መውረጃ ቦይ አውጡ። ሲሞላ የሚያፈስበት አፍ ደግሞ ከበራችሁ ደፍ ዝቅ ይበል። አጥሩ ግንብ ነው? ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ዋልካ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ግንብ ይሰነጥቃል።

ችግኝ ሻጯ
ስለ ተክሉ እኔን ስሙኝ። ባሕር ዛፍ አጠገቡ እንዳይደርስ። ከታች ውሃ የሚቆምበት ላይ ቄጠማ፣ ከዳር ዳር ጓሳ። የመንዝ ሣር ስለሆነ የኅዳር ውርጭ አይበግረውም። ሰኔ መግቢያ ላይ ትከሉ፣ ሥር ሳይዝ ትልቁ ዝናብ እንዳይደርስበት። በበጋ አንዳንድ ባልዲ ይፈልጋል። ቄጠማውን ደግሞ ለፋሲካ አጭደው ይጨርሱባችኋል፣ ተናግሬያለሁ።

የበሬሳ ዳር ልጅ
ተባረኩ። ትናንት ቆፈርን። የመጀመሪያው ባልዲ እንዳላችሁት እልም አለ፣ ጎረቤቴ «አላልኳችሁም?» ብሎ ሊዘፍን ምንም አልቀረው። ሦስተኛው ግን ዛሬ ጠዋትም እዚያው ነው፣ ዶሮዎቹ እየጠጡበት ነው። ኮረት በጋሪ የሚያመጣ የምታውቁ?